ቼክ ፕሊስ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ አንዲት ቃል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ።

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ወር አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሳ አድርገው «ቼክ ፕሊስ» አሉኝ። እኔ የማውቀው ቼክ አንድም ባንክ የሚወሰደው ነው፣ አንድም «እስቲ ቼክ አርገው» የምንለው። ሾርባው ውስጥ የሆነ ነገር አገኙ ብዬ ሳህኑን አንስቼ መመርመር! ባዶ ነው። ሰውዬው አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ለካ ሂሳብ ማለታቸው ነው።

ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ ቃሉን ተከታተልኩት። ጫፉ የት ተገኘ? ፋርስ፣ ቼዝ ሰሌዳ ላይ። «ሻህ» ንጉሥ ነው፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ንጉሥ ሲያጠቃ «ሻህ!» ይላል። ቃሉ በዓረብኛ አድርጎ፣ ላቲንና ፈረንሳይኛ ዞሮ እንግሊዝ ሲገባ ቼክ ሆነ። ንጉሡ ሲጠቃ ሌላው ሁሉ ይቆማልና «መግታት» የሚል ፍቺ ወለደ፤ ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ወደ ማመሳከር። የባንኩም ቼክ በመጀመሪያ ማጭበርበር እንዳይኖር የሚመሳከርበት ጉራጅ ነበር።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ጨርቁ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግምጃ ቤት ሂሳብ የሚተሳሰበው ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5 ጫማ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠረጴዛው መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይለብሳል። የአውራጃው ሹም ግብሩን ይዞ በአንድ በኩል፣ የግምጃ ቤቱ ሰው በሌላ በኩል ቁጭ ብለው በመስመሮቹ መሃል ጠጠር ይደረድራሉ። ልክ ቼዝ እንደሚጫወቱ! መሥሪያ ቤቱም ከዚሁ ስሙን አገኘ፦ ኤክስቼከር። የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ነው።

እኛስ? ሰንጠረዥ። የድሮ መኳንንት ቼዝ፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጭረት ተደርጎ ይጫወቱት የነበረ። አጀማመሩ ደስ ይለኛል፦ ተራ መጠበቅ የለም፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ሁለቱም እንደልባቸው ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይሉታል። ቃሉ ራሱ ከሕንድ ተነስቶ በፋርስ በኩል የመጣ ነው፤ ዛሬ ግን ሰንጠረዥ ስንል አብዛኞቻችን የሚታየን ቁጥር የሚሞላበት ባለ መስመር ወረቀት ነው። እንግሊዞቹ ከቼዝ ሰሌዳ ወደ ሂሳብ፣ እኛም ከቼዝ ሰሌዳ ወደ ሂሳብ! ማንም ማንን ሳይጠይቅ።

«ደረቅ ቼክ» ግን የራሳችን ነው። እነሱ ጋ ቼክ ይነጥራል፤ እኛ ጋ ይደርቃል።

ሽማግሌው? በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ሄዱ። ጉርሻም ትተውልኛል፣ ለሳህን ምርመራው መሰለኝ።