ወደ አልጋው የሚመለሰው ቀስት

ሰላም አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ከጅማ ስለ አንዲት የእርሳስ መስመር አወራችኋለሁ።

የምሠራው ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። የሥራ መከታተያውን ጂራ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም የማዋቅረውም እኔ ነኝ፤ አንዱ ካርድ አንድ ሎት፣ ማለትም አብሮ ታጥቦ አብሮ የሚደርቅ ቡና ነው። አምና ኮምፒውተሬን ከፍቼ በቀጥታ ጀመርኩ። «ታጠበ»፣ «ማድረቂያ አልጋ ላይ ወጣ»፣ «እርጥበቱ ተለካ»፣ «መጋዘን ገባ» እያልኩ ደረጃዎቹን ደረደርኩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን ቀስቶችም ሠራሁ። በግማሽ ቀን አለቀልኝ።

ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዘነበ። መጋዘን የገባ አንድ ሎት እርጥበት ስቦ ከ12 በመቶ በላይ ሆነና ወደ ማድረቂያ አልጋው ተመለሰ። ካርዱን የሚመልስ መንገድ ግን አልሠራሁም ነበር። ቸኩዬ አንድ ቀስት ቀጠልኩና ካርዱን መለስኩት። በሳምንቱ ሪፖርቱ ያንኑ ቡና ካለቁት ጋር ቆጥሮት አገኘሁ፤ ቡናው እኮ ገና አልጋ ላይ ነው! ጂራ ውስጥ ካርዱ የቆመበት ደረጃ አንድ ነገር ነው፣ «ሬዞሉሽን» የሚባለው መስክ ሌላ። ሥራው ሲያልቅ የተሞላው ይህ መስክ ካርዱ ሲመለስ ካልጸዳ፣ ሥራው እንዳለቀ መቆጠሩ ይቀጥላል። ለገዢ ቃል የተገባበት ቡና ስለነበር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዘንድሮ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ወደ አልጋዎቹ ወረድኩ። ቡና ከሚያገላብጡት እናት አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና የሳልኩትን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ አንቺ የሳልሽው የአዌቱን ወንዝ ነው፤ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ቡና እኮ ይመለሳል» አሉኝ።

እርሳሱን ተቀብለው ከመጋዘን ወደ አልጋ የሚዞር ቀስት ሳሉ። እጃቸው እርጥብ ስለነበር ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣታቸው ምልክት ቀርቷል። ቀጥለው «ተሸፈነ» የሚባል ደረጃ እንድጨምር ጠየቁኝ፤ ፀሐይ ሲበረታ ቡናው ይሸፈናላ። እዚህ ላይ ብዙ ተነጋገርን። እኔ ደረጃ የምለው ሥራው የሰው ውሳኔ የሚጠብቅበትን ቦታ ነው። የቀትሩ ሽፋን በሰዓታት ውስጥ ስለሚነሳ ተውነው፤ ለቀናት የሚቆየውን የዝናብ ሽፋን ግን አስገባነው። ወረቀት ላይ ይህን ለመሞከር ላጲስ ይበቃል። ጂራ ላይ ካርዶች የቆሙበትን ደረጃ ለማጥፋት መጀመሪያ ካርዶቹ የት እንደሚዛወሩ መወሰን አለባችሁ።

ከዚያ በየቀስቱ ጎን ማን እንደሚያሻግር፣ ከመሻገሩ በፊት ምን እንደሚሞላ፣ ከተሻገረ በኋላ ምን እንደሚለወጥ ጻፍኩ። በእርሳቸው ቀስት ጎን «ሬዞሉሽን ይጽዳ» ይላል። ኮምፒውተሩን የከፈትኩት ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ወረቀቱ አሁን መጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል። ትናንት እኒያ እናት እርሳሱን መልሰው ጠየቁኝ፤ ከናሙና ክፍሉ ወደ አልጋው የሚሄድ ሌላ መንገድ አለ ይላሉ። ይህን ቀረጻ እንደጨረስኩ ወደ እርሳቸው እወርዳለሁ።