ስካተር ፕሎት በኤክሴል፦ «ላይን ቻርት ምን አጠፋ?» ላላችሁኝ

ሰላም ሰላም! ዛሬ በኤክሴል ስካተር ፕሎት እንሠራለን፤ ሁለት ቁጥሮችን በአንድ ነጥብ የሚያሳይ ቻርት ማለት ነው። ዳታችን የከተሞች ከፍታና የሙቀት መጠን ነው። ቆላ ይሞቃል፣ ደጋ ይበርዳል። ይህን ለማወቅ ኤክሴል አያስፈልግም፣ አውቃለሁ። ግን በስንት ሜትር ስንት ዲግሪ? እሱን ነው የምንፈልገው።

ስካተር ፕሎት ለኔ ኮንዶሚኒየም ነው። አትሳቁ፣ ቆዩኝ። እንግዳ ደውሎ «ቤታችሁ የት ነው?» አላችሁ እንበል። «አራተኛ ፎቅ» ብቻ ብትሉት ሳይቱን ሲዞር ይመሽበታል። «ብሎክ 12» ብቻ ብትሉትም ያው ነው፤ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ የሰው በር ሲያንኳኳ፣ አንዱ ቤት ቡና ተፈልቶ እዚያው ሲቀር። ሁለቱንም ከነገራችሁት ግን ቀጥ ብሎ ይመጣል። ብሎኩ አግድም፣ ፎቁ ወደ ላይ። በቃ፣ አንድ ነጥብ ማለት መብራት የበራበት አንድ መስኮት ነው። እያንዳንዷ ከተማ የራሷ መስኮት አላት፤ ብሎኳ ከፍታዋ፣ ፎቋ ሙቀቷ። 34ኛ ፎቅ ያለው ኮንዶሚኒየም የት አለ እንዳትሉኝ ብቻ።

ወደ ሥራ። ኤ ዓምድ ላይ የከተማ ስም፣ ቢ ላይ ከፍታ በሜትር፣ ሲ ላይ አማካይ ሙቀት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር፣ 16 ዲግሪ ገደማ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ 25 ዲግሪ ገደማ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ናትና ማይነስ መቶ ምናምን። እንደ ፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው አማካይ ሙቀቷ 34.6 ነው። አማካይ ነው ያልኩት! ሌሊቱም ተደምሮ! ሌሎቹን እናንተ ሙሉ። ከዚያ ቢን እና ሲን ብቻ ምረጡ፣ ኢንሰርት፣ ስካተር፣ የመጀመሪያዋ ሥዕል። አለቀ። የግራው ዓምድ አግድም ይሄዳል፣ የቀኙ ወደ ላይ። አንዱ ነጥብ ላይ ራይት ክሊክ፣ አድ ትሬንድላይን (በነጥቦቹ መሐል የሚያልፍ መስመር ነው)፣ «ዲስፕሌይ ኢኩዌዥን» ላይ ምልክት አድርጉ። ቻርቱ ላይ በሚወጣው ቀመር ከኤክስ ፊት ያለውን ቁጥር በ1,000 አባዙት። 7 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ያውም በማይነስ። አንድ ኪሎ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ይህን ያህል ይቀንሳል ማለት ነው።

አሁን ኮሜንት ላይ ስትጨቀጭቁኝ ወደ ከረማችሁት ልምጣ። «ላይን ቻርት ሠርቼ መስመሩን ባጠፋው ያው አይደል?» አይደለም! ኧረ አይደለም! ላይን ቻርት የአግድሙን ቁጥር እንደ ቁጥር አያየውም፤ እንደ ስም ነው የሚያየው። ብሎክ 1፣ ብሎክ 2 እና ብሎክ 40ን ግድግዳ ለግድግዳ አስጠግቶ ጎረቤት ያደርጋቸዋል። ከዳሎል እስከ ድሬዳዋ የ1,300 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ 200 ምናምን ብቻ። በላይን ቻርት ግን በተርታ ከጻፋችኋቸው ርቀታቸው እኩል ነው። ታዲያ በዚህ ላይ የሚሰመር ትሬንድላይን ምን ሊነግራችሁ ነው? ጭራሽ ሁለቱን ዓምዶች መርጣችሁ ላይን ስትሉት ሁለት መስመር ይስላል። ከፍታው ጣራ ይነካል፣ ሙቀቱ ከታች ተለጥፎ ይቀራል። አንዱ ተመልካች «ሙቀቱ ዜሮ ሆነብኝ» ያለው ለዚህ ነው። ዜሮ አልሆነም ወንድሜ፣ ከ2,000 አጠገብ 16 ስለማይታይ ነው። ላይን ቻርትን አልጠላውም፤ ለወር በወር ሽያጭ አንደኛ ነው። እዚህ ግን ቦታው አይደለም።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ በዚሁ አጋጣሚ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳሎልን ያስገባ ሰው የቋሚው መስመር ቁጥሮች ቻርቱ ውስጥ ገብተው ያገኛቸዋል። ኤክሴል መስመሩን ዜሮ ላይ ስለሚተክለው ነው፤ ዳሎል ደግሞ ከዜሮ በስተግራ ናት። ቁጥሮቹን ደብል ክሊክ አድርጉ፣ ሌብልስ፣ ሌብል ፖዚሽን፣ «ሎው»። ወደ ዳር ይወጣሉ። የከተሞቹን ስም ነጥቦቹ ላይ ማውጣት የፈለጋችሁ ደግሞ ዳታ ሌብል ጨምሩና «ቫልዩ ፍሮም ሴልስ» በሉ፤ ከ2013ቱ ኤክሴል ወዲህ አለ። ስሞቹ ከተደራረቡ በማውስ ጎተት አድርጓቸው።