ደራሲውን በምታውቅበት ከተማ መጽሐፍ መሄስ

[ምስል፦ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚያመራ ጀልባ]

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኘው ዘጌ የምትታወቀው በቡናዋና በገዳማቷ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ግን ሌላም ታሪክ አላት፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚያ ነው። ልብ ወለዱ በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ታተመ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የዐፄ ምኒልክን ታሪክ እዚያው አሳተመ። የዛሬው ጉዳያችን የሚነሣው ከዚህ ከሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ሃያሲ ገጠመው።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ በታተመው ጽሑፉ ይህንን የምኒልክ ታሪክ አንሥቶ ነቀፈ። ሐሳቡ ባጭሩ ሲቀመጥ፣ እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ያለፈውን ሥራ የሚመለከት አስተዋይ ልቡና፣ በተመለከተው ላይ የማያዳላ ፍርድ፣ የተመለከተውንና የፈረደውን የሚገልጽ የጠራ ቋንቋ ያስፈልጋል የሚል ነው፤ አንዱን ንጉሥ ለማወደስ ሲባል ሌላውን ማጣጣል ደግሞ ከእነዚህ ጋር አይሄድም። እኔ ይህንን በአማርኛ ከተጻፉት ቀደምት የመጽሐፍ ሂሶች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ለታሪክ ጸሐፊ የተቀመጡት ሦስቱ መለኪያዎችም ለመጽሐፍ ገምጋሚው ሳይለወጡ የሚያገለግሉ ይመስለኛል። ዛሬ በየጋዜጣውና በየመድረኩ የሚቀርቡ ዳሰሳዎችን ስከታተል ብዙ ጊዜ የማጣው መካከለኛውን ነው። አስተዋይ አንባቢ አለን፣ ቋንቋ የሚያምርለትም አናጣም፤ የማያዳላ ፍርድ ግን ብርቅ ነው፤ ለምን ብርቅ እንደ ሆነ ለማየት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ያስፈልጋል።

ባለ 300 ገጽ ልብ ወለድ በሰዓት 30 ገጽ ለሚያነብ ሰው 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው ታሪኩን ዐወቀ እንጂ መጽሐፉ እንዴት እንደ ተሠራ ገና አላየም። ስለዚህ ሁለተኛ ንባብ ይከተላል፤ በዚህኛው ንባብ ገምጋሚው እርሳስ ይዞ ደራሲው ትረካውን የት እንዳዘገየው፣ የትኛውን ገጸ ባሕርይ መንገድ ላይ እንደ ረሳው፣ በ40ኛው ገጽ ላይ የተዘራው ነገር በ250ኛው ገጽ ላይ በቅሎ እንደ ሆነ ይከታተላል። ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ የሚጀመረው፤ ሲጻፍም በመጀመሪያ መጽሐፉ ምን ለማድረግ እንደ ተነሣ መናገር፣ ከዚያ ከራሱ ከመጽሐፉ እየጠቀሱ ማሳየት፣ በመጨረሻም ተሳክቶለታል ወይስ አልተሳካለትም የሚለውን መፍረድ ይገባል። የመጀመሪያውን ዘሎ ወደ ፍርድ የሚሮጥ ሰው፣ ደራሲው ሊጽፈው ባላሰበው መጽሐፍ ይከሰዋል። የመጨረሻውን የሚተው ደግሞ የጻፈው ማስታወቂያ ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ክፍያ ብዙውን ጊዜ በደራሲው ፊርማ የተበረከተ አንድ ቅጅ ነው፤ ያም ቢሆን በነጻ የተገኘ አይደለም፤ ፊርማው ከነውለታው ነው የሚመጣው።

[ምስል፦ የሐይቁ ዳር መንገድ፤ ከዘንባባዎቹ ሥር የተቀመጡ ሰዎች]

ባሕር ዳር ሰፊ ከተማ ናት፤ የጻፊና የአንባቢ ክበቧ ግን ጠባብ ነው። ደራሲው በፔዳ ግቢ የሚያስተምር፣ ለበኩር ጋዜጣ የሚጽፍ፣ ወይም በሙሉዓለም የባህል ማዕከል ግጥም ሲያነብ የምታውቁት ሰው ነው። መጽሐፉን በነቀፋችሁ ማግስት ከሐይቁ ዳር ቡና ሲጠጣ ታገኙታላችሁ፤ ባታገኙት እንኳ ባለቤቱን ገበያ፣ ወንድሙን ለቅሶ ቤት ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ያለ ሃያሲ ይህ አይነካውም አልልም፤ እዚህ ግን መሸሸጊያ የለም።

ይሉኝታ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ረቂቁ "እስኪ እየው" ተብሎ ይመጣል፤ ገምጋሚውም ወዳጅ ነውና ጊዜውን ሰጥቶ ያነባል፣ ጥቂት ፊደል ያርማል። ቀጥሎ ለጀርባው ሽፋን የሚሆን ሁለት ሦስት መስመር አስተያየት ይጠየቃል፤ ሽፋን ላይ ነቀፌታ የሚጽፍ ሰው የለምና ያወድሳል። ከዚያ የምረቃው ቀን ደርሶ ዳሰሳ እንዲያቀርብ ይጋበዛል፤ የደራሲው እናት ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ አዳራሹ በዘመድና በሥራ ባልደረባ ተሞልቷል፣ ዳሰሳ አቅራቢውን የመረጠውም ደራሲው ራሱ ነው። በመጨረሻ ጋዜጣው ስለ መጽሐፉ የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ "መጽሐፉን የሚያውቀው እርሱ ነው" ተብሎ ወደዚያው ሰው ይመጣል። አሁን ምን ሊጽፍ ይችላል? ሦስት ጊዜ አመስግኖ በአራተኛው ቢነቅፍ ቃሉን አጠፈ ይባላል። ማንም ዋሽ ብሎ ሳያስገድደው፣ ጉቦም ሳይቀበል፣ ፍርዱን ቀስ በቀስ አስረክቧል።

ይህንን ጫና የሚያከብደው የኅትመቱ ኢኮኖሚ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ከኪሱ ወይም ተበድሮ ይከፍላል፤ ያልተሸጠው ቅጅም ተመልሶ ቤቱ ውስጥ ይከመራል። አሳታሚ ድርጅት ኪሳራውን በሚሸከምበት አገር አንድ ክፉ ዳሰሳ የድርጅቱን ሒሳብ ይነካል፤ እዚህ የሚነካው የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያን ነው። ገምጋሚው ይህንን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም እጁ ይከብደዋል። ይህንን ርኅራኄ አላናንቀውም። ነገር ግን በዚያው ከተማ የሚኖር አንድ መምህርም ከደመወዙ ቀንሶ መጽሐፉን የገዛው በሽፋኑ ላይ ያለውን ውዳሴ አምኖ ነው፤ ለእርሱ የሚራራለት ማን ነው?

የሽፋን ውዳሴ በሌላውም ዓለም አሮጌ ነገር ነው። አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 የግጥም መድበሉን በራሱ ወጪ ካሳተመ በኋላ፣ ስሙን ሳይጠቅስ ስለ ራሱ መጽሐፍ የሚያወድሱ ዳሰሳዎችን ጽፎ በጋዜጦችና በመጽሔቶች አወጣ። በዓመቱ ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ ደግሞ፣ ታዋቂው ጸሐፊ ኤመርሰን በግል ደብዳቤ የላከለትን የማበረታቻ ቃል ሳያስፈቅድ፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው የጥራዙ ጠርዝ ላይ በወርቅ ቀለም አሳተመው። መድበሉ ከታላላቅ የግጥም ሥራዎች አንዱ መሆኑ አልቀረም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ዳሰሳዎቹን ያነበበ ሰው የሚያነበው ሻጩን እንጂ ገዢውን እንዳልነበረ አላወቀም።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ የሚያስፈራ ተረት አለ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ እ.ኤ.አ. በ1818 አንድ መጽሔት በጻፈበት ከባድ ነቀፌታ ልቡ ተሰብሮ ሞተ የሚለውን ወሬ ሼሊና ባይረን በግጥሞቻቸው አጸኑት። ኪትስ እ.ኤ.አ. በ1821 ሮም ላይ በ25 ዓመቱ የሞተው ግን በሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ወንድሙንም የገደለው ያው በሽታ ነበር። ከነቀፌታው በኋላም የሚደነቁለትን ግጥሞቹን ጽፏል። "ደራሲውን ትገድለዋለህ" እየተባለ ዝም የሚሰኝ ገምጋሚ ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነው።

[ምስል፦ የቅኔ ተማሪዎች በየዛፉ ጥላ ሥር]

ይሉኝታ ባህላችን ስለ ሆነ ሂስ አይሆንልንም የሚል ክርክር አዘውትሬ እሰማለሁ፤ ጎጃም ላይ ተቀምጦ ይህንን መናገር ግን የቅኔ ቤትን ጨርሶ መርሳት ነው። ዋሸራና ጎንጅ በየራሳቸው የቅኔ ስልት የሚታወቁት በዚህ ምድር ነው። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ሲዘልቅ፣ ቀን ለብቻው ቅኔ ሲቈጥር ይውልና የቈጠረውን መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ይሰማዋል፣ ያቃናለታል፣ ካልሆነም ይጥለዋል፤ የጣለበትንም ምክንያት ይናገራል፤ ቤቱ አልመታ እንደ ሆነ፣ ሰሙና ወርቁ አልገጠመ እንደ ሆነ፣ አገባቡ ተሳስቶ እንደ ሆነ ለይቶ ያሳየዋል። ተማሪው አኵርፎ አገር ለቅቆ አይሄድም። በማግስቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ሰዎቹ ይሉኝታ የሌላቸው ሆነው አይደለም። መለኪያው ሁለቱም አስቀድመው የሚያውቁት ስለ ሆነ ነው፤ መምህሩም ራሱ የሚቀኝ፣ ተማሪውም ነገ ሌላ ዕድል ያለው ስለ ሆነ ነው። የመጽሐፍ ሂስ ሦስቱንም ሙሉ በሙሉ ሊያገኝ አይችልም። ልብ ወለድ እንደ ጉባኤ ቃና በአንድ ቀን አይተካም፤ ደራሲው ዓመታት ፈጅቶበታል፣ የታተመውም ቅጅ ተመልሶ አይታረምም። ከዚህ ልዩነት አንድ የሥራ ደንብ የሚወጣ ይመስለኛል፦ ከባዱ ቃል ሊነገር የሚገባው በረቂቁ ላይ ነው። ወዳጅ ረቂቁን ሲሰጥ ገምጋሚው የቅኔ መምህር መሆን አለበት፤ ሦስተኛው ምዕራፍ እንዲወጣ፣ ገጸ ባሕርይዋ እንደ ሰው እንድትናገር፣ መጨረሻው እንደ ገና እንዲጻፍ ያለ ርኅራኄ ይንገረው። ያንን ያደረገ ሰው ግን መጽሐፉ ሲታተም አደባባይ ወጥቶ ሊፈርድበት አይገባም፤ አርታኢና ዳኛ በአንድ መጽሐፍ ላይ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉምና።

ለማስደሰት ብቻ ሳይሆን ለመናከስም የሚያዳላ አለ፤ ስለታም ነቀፌታ ከለዘብተኛ ዳሰሳ ይልቅ ተመልካች ይሰበስባል፣ ገምጋሚውም ጭብጨባውን ይለምደዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ በደራሲው መልክ፣ በትውልድ ቦታው ወይም በትዳሩ ላይ የተወረወረ ቃል በይቅርታ አይመለስም። ከገጹ ላይ ጠቅሼ ላሳየው አልችልም የሚባል ነቀፌታ ካለ መጻፍ የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

ሌላው አደጋ ንባቡን ራሱን ይነካል። ለመፍረድ ሲያነቡ የኖሩ ዐይኖች፣ ለመደሰት ሲያነቡም እርሳስ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ገና ሃያኛው ገጽ ላይ የዳሰሳው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር በራስ ውስጥ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ለዚያ ዐረፍተ ነገር ማስረጃ መሰብሰብ ይሆናል። እኔ ያገኘሁለት ዘዴ የመጀመሪያውን ንባብ ያለ እርሳስ መጨረስና፣ ሁልጊዜ ስለ እርሱ ምንም የማልጽፍበትን አንድ መጽሐፍ ጐን ለጐን ማንበብ ነው። ይኸኛው ብዙ ጊዜ አሮጌ መጽሐፍ ይሆናል፤ ደራሲው በሕይወት የለምና ማንም ስልክ አይደውልም።

የሰውነቱን ጕዳት በአጭሩ ልለፈው። ከ40 ዓመት ዕድሜ ገደማ በኋላ በዐይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ መተጣጠፍ ስለሚያቅተው የቅርብ ፊደል ይደበዝዛል፤ የማንበቢያ መነጽር መግዛት እንጂ መጽሐፉን ማራቅ መፍትሔ አይሆንም። በየ20 ደቂቃው ዐይንን አንሥቶ ራቅ ወዳለ ነገር መመልከትም ያሳርፋል፤ ለዚህስ ጣና አለ። ለመጻሕፍቱ ግን ሐይቅ ዳር መኖር አይመችም፤ በክረምት እርጥበቱ ወደ ገጹ ይገባል፣ ስለዚህ መደርደሪያው ከውጭው ግድግዳ ትንሽ ራቅ ቢል፣ መጻሕፍቱም ሳይጠባበቁ ቢደረደሩ ከሻጋታ ይተርፋሉ።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ማስታወሻ ደብተር]

ወደ ፍርዱ እንመለስ። ትውውቅ ባለበት ሁሉ መጻፍ ክልክል ነው ካልን በባሕር ዳር ማንም ስለ ማንም አይጽፍም። የሚቻለው ዝምድናውን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መግለጥ ነው፤ "ደራሲው የሥራ ባልደረባዬ ነው" የሚል አንድ መስመር አንባቢው ፍርዱን በስንት ቀንሶ እንደሚወስደው ራሱ እንዲወስን ያስችለዋል። ረቂቁን ያረመ፣ በሽፋኑ ላይ የጻፈ፣ ወይም ገንዘብ ያበደረ ሰው ግን መግለጥም አይበቃውም፤ ሥራውን ለሌላ ሰው ያስተላልፍ። የምረቃ ዳሰሳንም እንደ ምርቃት ንግግር ቈጥሮ፣ በጋዜጣ ላይ ሂስ ተብሎ እንዳይወጣ ማድረግ ይገባል።

ጥቅስን በተመለከተ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የተጠቀሰው ለዓላማው ከሚያስፈልገው እንዳይበልጥ፣ ምንጩና የደራሲው ስምም እንዲገለጥ ይጠይቃል። ከግጥም መድበል ሲጠቀስ በተለይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ስምንት መስመር ያላትን ግጥም ሙሉዋን አስፍሮ "ጠቀስኩ" ማለት ያስቸግራል።

ዳሰሳው ከወጣ በኋላ ደራሲው መደወሉ አይቀርም። የገጽ ቍጥር ተሳስቶ፣ የገጸ ባሕርይ ስም ተቀያይሮ ከሆነ በተከታዩ እትም ማረሚያ ይውጣ። ፍርዱን እንዲያለዝብ ከተለመነ ግን መልሱ ደራሲው ምላሹን በዚያው ጋዜጣ ላይ እንዲጽፍ መጋበዝ ነው፤ አዘጋጁም ለምላሹ ከዳሰሳው ጋር የሚመጣጠን ቦታ ሊሰጠው ይገባል።