ኦሃዮ የተቀመጠው የኤዶ ዝናብ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው፤ ጃፓናዊው ኡታጋዋ ሂሮሺጌ በ1857 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስላዘጋጃት፣ አሁን በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት፣ በኦበርሊን ኮሌጅ የአለን መታሰቢያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለምትገኝ የእንጨት ህትመት፤ ማለትም ሥዕሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጠርቦ፣ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ስለታተመባት ሥራ።

ቦታው ዛሬ ቶኪዮ የምንላት ኤዶ ነው። በሱሚዳ ወንዝ ላይ የተዘረጋውን የእንጨት ድልድይ የሚሻገሩ መንገደኞች ድንገተኛ ዶፍ ወርዶባቸው ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ይሮጣሉ፤ ከታች አንድ ሰው በውሃው ላይ በሚንሳፈፉ የተያያዙ ግንዶች ላይ ቆሞ ብቻውን ይቀዝፋል። ከላይ የተንጠለጠለው ጥቁር ደመና ወደ ታች እየሳሳ የሚሄደው አታሚው ቀለሙን በእርጥቡ ሰሌዳ ላይ በእጁ እያሳሳ ስለሚቀባው ነው፤ በመሆኑም ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ሁለት ቅጂዎች ደመናቸው አንድ አይሆንም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዝናቡ ነው። እያንዳንዱ መስመር የተገኘው ጠራቢው በግራና በቀኝ ያለውን እንጨት አንስቶ ክር የምታህል ጠርዝ ብቻ በማስቀረቱ ነው፤ መስመሮቹም በጥቂቱ በተለያየ አቅጣጫ ያዘነበሉ በመሆናቸው እርስ በርስ እየተቋረጡ ይወርዳሉ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ ይህችኑ ሥዕል በ1887 በዘይት ቀለም ገልብጧታል፤ በብሩሽ የተሠራው ዝናብ ግን፣ ለእኔ ዓይን፣ ያን ስለቱን አጥቷል።

እንዲህ የቀጠነ እንጨት ህትመት በበዛበት ቁጥር ይደክማል፤ መስመሩም ይወፍራል፣ ይቆራረጣል። በዘመኗ ዋጋዋ ከአንድ ሳህን ኑድል ብዙም የማይርቅና በብዛት የታተመች ሥዕል ስትሆን፣ ሰብሳቢው ሊፈተን የሚችለው ከቅጂዎቹ የትኛውን በመምረጡ ነው። የኦበርሊኗን ቅጂ የመረጠችው ሰብሳቢ፣ አሜሪካዊቷ ሜሪ ኤንስወርዝ፣ በ1889 ከኦበርሊን ተመርቃ፣ በ1906 ጃፓን ሄዳ ህትመቶችን መግዛት ጀመረች፤ ከ1,500 በላይ የሆነው ስብስቧም በ1950 በኑዛዜ ለኮሌጁ ተላለፈ። በእኔ እምነት የሰጠችው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ስትመርጥ የኖረችበትን ዓይኗን ጭምር ነው።

«ታዲያ ለምን ግድግዳ ላይ አይሰቅሉትም? ስጦታ ለመቅበር ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቅሬታው ይገባኛል፤ ነገር ግን የእነዚህን ህትመቶች ቀለም ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ የደበዘዘውም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሙዚየሞች ለጥቂት ወራት በደብዛዛ መብራት ካሳዩአቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ በጨለማ ሣጥን ያሳርፏቸዋል። ደግሞስ ሲጀመር በእጅ ተይዘው በቅርብ እንዲታዩ እንጂ እንደ ቅብ ሥዕል ከሩቅ እንዲታዩ የተሠሩ አልነበሩም።

ኮሌጅ ከትልልቅ ሙዚየሞች የሚበልጥብኝም እዚህ ላይ ነው። ኦበርሊን ለዚሁ የተዘጋጀ የህትመት ጥናት ክፍል አለው፤ ተማሪ ቀጠሮ ይዞ ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ መስታወት ማየት ይችላል። ስልካችን ላይ የምናያት ምስል ቀለሟን ታሳየናለች፤ አታሚው ወረቀቱን ከጀርባ ሲያሽ የዝናቡ ጠርዝ ምን ያህል እንደገባበት ግን የሚታወቀው ወረቀቷን በጎን ብርሃን ሲመለከቷት ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ አድማጮች ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።