የጥልፉ ጀርባ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ በምኖርበት በሰሜን ለንደን ከዌስት ባንክ የመጡ ፍልስጤማውያን ወጣቶች ከብሪታንያውያን እኩዮቻቸው ጋር አንድ ሳምንት ሲሰነብቱ፣ ሻይና ምግብ በማቅረብ ለመርዳት ወደ ሰፈራችን አዳራሽ ስመላለስ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በልቤ ያደረ ጉዳይ ስላለ የዛሬውን ክፍል ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

እንዲህ ያለው መገናኘት በብሪታንያ አዲስ አይደለም። የስኮትላንዷ ዳንዲ ከዌስት ባንኳ ናብሉስ ጋር የእህትማማች ከተሞች ስምምነት የፈጸመችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ የለንደኑን ካምደን ከኢየሩሳሌም በስተ ምሥራቅ ካለችው ከአቡ ዲስ ጋር የሚያስተሳስረው የወዳጅነት ማኅበርም ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ሲያገናኝ ቆይቷል። የባህል ልውውጥ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ጭፈራና ምግብ ነው። በእርግጥ ዳብኬ የሚባለው የፍልስጤማውያን ጭፈራም ነበረ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወለሉን በእግራቸው ሲመቱት በጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸው ብርጭቆዎች ይንጫጩ ነበር። እኔ ግን ልናገር የምፈልገው ስለ መንገዱ ነው።

አንድ ብሪታንያዊ ወጣት ወደዚያ ለመሄድ ቢያስብ፣ ከለንደን ተነሥቶ ቴል አቪቭ እስኪያርፍ አምስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የዌስት ባንኩ ወጣት ግን የብሪታንያን ቪዛ ደጅ ጠንቶ ካገኘ በኋላ እንኳ፣ በቅርቡ ያለው የቴል አቪቩ ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ያለ ልዩ ፈቃድ ስለማይፈቀድለት፣ ወደ ኢያሪኮ ወርዶ፣ በፍልስጤም፣ በእስራኤልና በዮርዳኖስ ኬላዎች ተራ በተራ ተፈትሾ፣ የዮርዳኖስን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከአማን ነው የሚበረው። ለጋዛ ልጆች ይህም መንገድ የለም።

ያ የሚሻገሩበት ድልድይ በዓለም የሚታወቀው አለንቢ በሚለው ስም ነው። ፍልስጤማውያኑ አል-ካራማ ይሉታል፤ ክብር ማለት ነው። ከብሪታንያውያኑ አንዱ ልጅ አለንቢ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ መልሱን የሰጠችው ከእንግዶቹ አንዷ ነበረች፦ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1917 ኢየሩሳሌምን ከኦቶማኖች እጅ ወስዶ የገባው የብሪታንያ ጄኔራል መሆኑን፣ ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ 1948 ድረስም አገሯን ያስተዳደረው የእሱ መንግሥት መሆኑን ነገረችው። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። እኔ በዚህ አልፈረድኩበትም፤ ያላስተማሩትን ከየት ያምጣው? በማግስቱ ግን በዚያው በ1917 ኖቬምበር 2 ቀን የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባልፎር ከብሪታንያ አይሁድ መሪዎች አንዱ ለነበሩት ለሎርድ ሮትስቻይልድ የጻፉትን ደብዳቤ በስልኩ ይዞ መጣ። በፍልስጤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ እንዲቋቋም መንግሥታቸው እንደሚደግፍ የሚገልጸውን አጭር ቃል ካነበበላቸው በኋላ፣ «የእናንተ ስም የት ላይ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቃት። ከአገሩ ሕዝብ እጅግ የሚበዙት አረቦች በዚያ ጽሑፍ የተጠሩት «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ተብለው ብቻ ስለሆነ፣ በጣቷ ያንን ሐረግ አሳየችው። ለእኔ ልውውጡ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

የኢየሩሳሌምም ነገር አለ። እናቴ ከአዲስ አበባ ተነሥታ፣ ቅዱስ መቃብሩን ተሳልማ፣ ፋሲካን በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ገዳማችን፣ በዴር ሱልጣን፣ አክብራ እንደተመለሰች ለወጣቶቹ ስነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። የአቡ ዲሱ ልጅ ግን ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እናትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቋታል» አለኝ። መንደሩ ከአሮጌው ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ትርቃለች፤ በመካከል ግን እስራኤል የሠራችው ረጅሙ የኮንክሪት ግንብ አለ፣ ለመግባትም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተራው ደርሶ የለንደን ጓደኞቹ ሊጎበኙት ቢሄዱ፣ ያለ ማንም ከልካይ ገብተው ወደሚያዩት ከተማ አስተናጋጃቸው እሱ ሊከተላቸው አይችልም። እናቴ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጣ የሳመችው ደጅ ለጎረቤቱ የተዘጋ መሆኑን ከዚያ በፊት በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም፤ ሳስበውም ያመኛል።

ከመጪዎቹ መካከል የጉዞ ፈቃዷ በጊዜ ሳይደርስላት የቀረች አንዲት ልጅ ነበረች። ሌሎቹ እንዲጨርሱት ብላ በጥቁር ጨርቅ ላይ በቀይ ክር የጀመረችውን ጥልፍ ልካለች። ይህ ታትሪዝ የሚባለው የፍልስጤም ጥልፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ የገባ ሲሆን፣ እንደ እኛው ቀሚስ ጥልፍ ክር እየተቆጠረ በመስቀለኛ ስፌት ይሠራል፤ ሴቶቹም የልብሳቸውን ጥለት አይተው የመጡበትን መንደር ይለዩ ነበር። የልጅቱ ጥለት የጽድ ዛፍ ነበር። አንዲት የለንደን ልጅ ተቀብላ ሁለት ማታ ስትጠልፍ ቆይታ፣ በሦስተኛው ማታ በቪዲዮ ደውለው ጨርቁን ለጀመረችው ልጅ አሳዩዋት። ፊቱ የሚያምር ነበር። የጀመረችው ልጅ ግን ጥቂት ካየችው በኋላ፣ «እስቲ ገልብጪው» አለቻት። በጀርባው ክሩ ተወሳስቦ፣ ቋጠሮው እዚህም እዚያም ተንጠልጥሏል። አያቷ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን እንደሆነ፣ የጥሩ ጥልፍ ጀርባ ከፊቱ ብዙም እንደማይለይ አስረዳቻትና፣ «ከሥሩ ጀምሪና ተርትሪው፤ ክሩን ግን እንዳትበጥሺው» አለቻት።

የለንደኗ ልጅ አልተከፋችም። በዚያው ማታ ወንበሯን ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ እኔ ብርጭቆዎቹን አጥቤ እስክጨርስ ድረስ፣ በመርፌዋ ጫፍ አንድ በአንድ ስትተረትር አየኋት። በመሰናበቻቸው ዕለት እንደገና ሲደውሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወደ ስልኩ ያዞረችው የጥልፉን ጀርባ ነበር።