የለቀቀው ሰውዬ ድምፅ የማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያጣችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፣ ብዙ አላቆያችሁም።

በተረት ልጀምር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ተረቱ የሚያወራው ስለ ተሿሚው ነው፤ ስለሚበላውና ስለሚቆጨው ሰውዬ። ስለ መራጩ ትንፍሽ አይልም። ሰውየው በልቶ፣ ተይዞ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ከሄደ በኋላ ትናንት እሱን የመረጡት ሰዎች በሚቀጥለው ምርጫ ድምፃቸውን ለማን ይሰጣሉ? ዛሬ ማታ የማወራው ስለዚህች ጥያቄ ብቻ ነው።

እኔ ለረጅም ጊዜ መልሱ ግልፅ ነው ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። አንዱ ፖለቲከኛ ቅሌት ውስጥ ገብቶ «ለቅቄያለሁ» ሲል በቃ፣ ተቃዋሚው አሸነፈ፣ ቆጠራው ለወጉ ያህል ነው እል ነበር። እንዲያውም በ2023 በዚሁ እምነቴ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጄ ተበልቻለሁ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከነገርኳችሁ ቀሪውን አትሰሙኝም። (በነገራችን ላይ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን የማምነው ሌላ ነው። የለቀቀ ሰው ድምፅ ውርስ አይደለም። ዋናው ተቃዋሚ «የኔ ነው» ብሎ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ መራጩ ግን እግሩ ሳይከብደው ሊገባበት የሚችለውን ቅርብ በር ነው የሚፈልገው። ያ በር ደግሞ ብዙ ጊዜ የዋናው ተቃዋሚ በር አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ ኖርዝ ሽሮፕሺር የሚባል የምርጫ ክልል አለ። ገጠር ነው። ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ የኮንሰርቫቲቮች፣ ማለትም ያኔ አገሪቱን ይገዛ የነበረው ፓርቲ፣ ጓዳ ሆኖ የኖረ ቦታ። ተወካዩ ኦወን ፓተርሰን ነበር፣ የቀድሞ ሚኒስትር። በ2021 የፓርላማው የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ገንዘብ ለሚከፍሉት ሁለት ኩባንያዎች ሲል ባለሥልጣናትን ጎትጉቷል፣ ደንብ ጥሷል አለና የ30 ቀን እገዳ እንዲጣልበት ሐሳብ አቀረበ። እሱ ጥፋት የለብኝም አለ።

እዚህ ጋ አንድ የአሠራር ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። በእንግሊዝ ሕግ አንድ አባል አሥር የስብሰባ ቀንና ከዚያ በላይ ከታገደ በምርጫ ክልሉ ፊርማ ማሰባሰብ ይጀመራል። ከተመዘገበው መራጭ አሥር በመቶው ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆንና ማሟያ ምርጫ ይካሄዳል። ሰውየው ራሱ እንደገና መወዳደር ይችላል። ማለትም ቅጣቱን ተቀብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሊያልፈው ይችል ነበር። ፓርቲው ግን ምን አደረገ? ኖቬምበር 3 ቀን ቅጣቱን ትቶ የቅጣቱን ደንብ ልቀይር ብሎ ድምፅ ሰጠ። ጨዋታ እየተሸነፈ ያለ ልጅ ሕጉን እንደሚቀይረው ማለት ነው። አገር ጮኸ። በማግስቱ መንግሥት «ትተነዋል» አለ፣ ፓተርሰንም በዚያው ቀን ለቀቀ።

ዲሴምበር 16 ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ኮንሰርቫቲቮች በ2019 ወንበሩን የወሰዱት ወደ 23 ሺህ በሚጠጋ የድምፅ ብልጫ ነበር። ሁሉም ድራሹ ጠፋ። ሊብራል ዴሞክራቷ ሄለን ሞርጋን በ5,925 ድምፅ አሸነፈች። እርግጥ በዚያው ሰሞን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በኮቪድ እገዳ ወቅት ድግስ ነበር የሚለው ጉድም ወጥቶ ነበር፤ ሁሉንም በፓተርሰን ላይ አልጭንም። እኔን የሚገርመኝ ግን ማን መሸነፉ ሳይሆን ማን ማሸነፉ ነው። በ2019 በዚያ ቦታ ሁለተኛ የወጣው የአገሪቱ ዋና ተቃዋሚ ፓርቲ ሌበር ነበር፣ 22 በመቶ ይዞ። ሊብራል ዴሞክራቶች አሥር በመቶ ብቻ ይዘው ሦስተኛ ነበሩ። ከቅሌቱ በኋላ ሌበር ከአሥር በመቶ በታች ወረደ፣ ሦስተኛው ወደ 47 በመቶ ተመነጠቀ።

ለምን? አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኮንሰርቫቲቭ ሲመርጥ ኖሮ የምርጫ ወረቀቱን ይዞ ሲቆም ሌበር አጠገብ ምልክት ማድረግ እጁ እሺ አይለውም። አባቱ ምን ይለዋል? ጎረቤቱስ? ሊብራል ዴሞክራት ግን ያን ያህል አያስነውርም። «ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ልኩን ላሳየው» ብሎ ይገባል። ሌበሮች ደግሞ ይህን አይተው ድምፃቸውን ወደዚያው አዛወሩ። ያቺ «አንድ ጊዜ ብቻ» በ2024ቱ ጠቅላላ ምርጫም ሞርጋንን እዚያው አስቀመጠቻት።

አሁን ወደ ኦስትሪያ። ይሄን ታሪክ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ያጭበረብራል።

ሜይ 17 ቀን 2019 አንድ ቪዲዮ ወጣ። ሃይንዝ ክርስቲያን ሽትራኽ፣ ኤፍፒኦ የሚባለው የቀኝ አክራሪ ፓርቲ መሪና ምክትል ቻንስለር (ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እንደማለት ነው)፣ ኢቢዛ ደሴት ላይ ሶፋ ላይ ተንጋሎ፣ ራሷን የሩሲያ ባለሀብት ዘመድ አድርጋ ላቀረበች ሴት ለድጋፍ ምላሽ የመንግሥት ኮንትራት ሊሰጣት ሲያማልላት ይታያል። የተቀረፀው በ2017 ነው፣ ሥልጣን ከመያዙ በፊት። ሰክሬ ነው የቀባጠርኩት አለ። በማግስቱ ለቀቀ። ከዚያ ጥምር መንግሥቱ ፈረሰና አዲስ ምርጫ ተጠራ።

ተቃዋሚዎቹ ሶሻል ዴሞክራቶች እጃቸውን እያፋተጉ ጠበቁ። ሴፕቴምበር 29 ቀን ውጤቱ መጣ። ኤፍፒኦ ከ26 በመቶ ወደ 16 ወረደ። ሶሻል ዴሞክራቶችስ? 21 በመቶ ገደማ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአገር አቀፍ ምርጫ የከፋው ውጤታቸው። ከኤፍፒኦ መራጮች ያተረፈው የሰባስቲያን ኩርዝ ፓርቲ ነው፤ ከ31 በመቶ ወደ 37 ከፍ አለ። ኩርዝ ማን ነው? ሽትራኽን ምክትሉ አድርጎ የሾመው ሰውዬ! የተቆጣው መራጭ ከቤቱ ወጥቶ አጥር አልዘለለም፤ በረንዳውን ተሻግሮ ጎረቤት ገባ እንጂ።

ራሱ ሽትራኽስ? ቅሌቱ በወጣ በሳምንቱ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ነበር። ስሙ በእጩዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነበር፣ ግን 45 ሺህ ያህል ሰዎች ስሙን ለይተው መረጡት፤ ወንበር የሚያስገኝ ቁጥር ነው፣ በኋላ ተወው እንጂ። ጀግናቸው እንደተወጋ ነው ያዩት። ከዚያ በ2020 በራሱ ስም ፓርቲ አቋቁሞ ለቪየና ምክር ቤት ተወዳደረ። 3.3 በመቶ። አምስት በመቶ ያስፈልግ ነበር፣ ዜሮ ወንበር። መራጭ ሲያዝንልህና ሲመርጥህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ታሪኩ ግን አላለቀም። በ2021 ኩርዝም ለቀቀ፤ በመንግሥት ገንዘብ ለራሱ የሚያደላ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ አሠርቷል በሚል ምርመራ ተከፍቶበት ነው፣ እሱ ይክዳል። በ2024 እንደገና ምርጫ ተደረገ። ቀኑ ያው፣ ሴፕቴምበር 29። ኤፍፒኦ ወደ 29 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ በአገሪቱ ፓርላማ ምርጫ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣ፣ የኩርዝ የቀድሞ ፓርቲ ወደ 26 ወረደ። ድምፁ ጎረቤት ከርሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ከነወለዱ።

«መራጭ ሁሌም ይቆጣል» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ጃፓንን ተመልከቱ። ታናካ ካኩዌ በገንዘብ ጉዳይ ተወጥሮ በ1974 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለቀቀ። በ1976 ከሎክሂድ የአውሮፕላን ኩባንያ ጉቦ በልቷል ተብሎ ታሰረ፤ 500 ሚሊዮን የን። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተወዳድሮ በኒጋታ የምርጫ ክልሉ አንደኛ ወጣ። በኦክቶበር 1983 ፍርድ ቤት አራት ዓመት ፈረደበት። ይግባኝ ብሎ በዲሴምበር እንደገና ተወዳደረ። ከ220 ሺህ በላይ ድምፅ! ያ ክልል በረዶ የሚቀብረው ተራራማ ቦታ ነው። መንገዱንም፣ ዋሻውንም፣ ፈጣኑን ባቡርም ያመጣልን እሱ ነው ይላሉ። ለነሱ ሌባ አይደለም፣ የኛ ልጅ ነው። ዋጋውን የከፈለው በተቀረው የአገሪቱ ክፍል የቀድሞ ፓርቲው ነው፤ በዚያው ምርጫ በታችኛው ምክር ቤት አብላጫውን አጣ። እሱ በልቶ ጓደኞቹ ጾሙ።

ፖርቱጋል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እሷ እንቅልፍ የምትነሳኝ ናት። ኖቬምበር 7 ቀን 2023 ፖሊስ የመንግሥት ቢሮዎችን ፈተሸ። በጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒዮ ኮስታ የካቢኔ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ከ75 ሺህ ዩሮ በላይ ጥሬ ገንዘብ ተገኘ። ዐቃቤ ሕግ በሊቲየምና በሃይድሮጂን ፕሮጀክቶች ዙሪያ በሚደረግ ምርመራ የኮስታም ስም እንደተነሳ ገለጸ። ኮስታ በዚያው ቀን ለቀቀ። ጥሩ ሰው ነው አልንለት፣ አልተንጠለጠለም። ከቀናት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ከተጠለፈው የስልክ ንግግር በአንዱ ላይ ስም መሳሳቱን አመነ። «አንቶኒዮ ኮስታ» ተብሎ የተጻፈው የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ አንቶኒዮ ኮስታ ሲልቫ ነበር። አስቡት! ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ፓርላማው ተበትኖ ምርጫ ተጠራ።

ማርች 10 ቀን 2024 የኮስታ ሶሻሊስቶች ከ120 ወንበር ወደ 78 ወረዱ። ዋናው ተቃዋሚ 80 ይዞ በጠባብ ልዩነት አንደኛ ሆነ፣ ድርሻው ግን ከበፊቱ እምብዛም አልጨመረም። ቼጋ የሚባለው የቀኝ አክራሪ ፓርቲ ነው ከ12 ወደ 50 ወንበር የዘለለው። «ሁሉም ሌባ ናቸው» እያለ ሲጮህ የኖረው ፓርቲ ማለት ነው። ሰው ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ቀረ እንዳትሉ፣ ወጥቶ የመረጠው ከ51 በመቶ ወደ 60 አካባቢ ከፍ ብሏል። ኮስታስ? ክስ ሳይመሠረትበት በዚያው ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። ቶሎ መልቀቅ ሰውየውን ያድናል። ፓርቲውን ያድናል ያለው ማን ነው?

ለተተኪው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአሜሪካው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዋተርጌት የስለላ ቅሌት ኦገስት 9 ቀን 1974 ሄደ፤ ምክትሉ ፎርድ ገባ፣ አገር እፎይ አለ። ወር ሳይሞላ ፎርድ ኒክሰንን ሙሉ ምሕረት አደረገለት። በኖቬምበር ዴሞክራቶች በታችኛው ምክር ቤት 49 ወንበር ጨመሩ፣ በ1976 ደግሞ ፎርድ ራሱ በዴሞክራቱ ካርተር ተሸነፈ። የኑሮ ውድነቱም አለበት፣ አልክድም። ግን ቅሌቱን በሩን ዘግቶ ካስወጣው በኋላ በመስኮት መልሶ ያስገባው ፎርድ ነው።

በተቃራኒው በር ላይ መቆም የምታውቅ አንዲት ሴት አለች፣ ካቲ ሆኩል። በ2011 አንድ የኒው ዮርክ ሪፐብሊካን እንደራሴ ያለ ሸሚዝ የተነሳው ፎቶ ወጥቶበት ለቀቀ፤ የሪፐብሊካን ጠንካራ ቦታ በነበረው ክልል ዴሞክራቷ ሆኩል አሸነፈች። ግን ስለ ፎቶው አልነበረም የተከራከረችው፣ ሪፐብሊካኖች የአረጋውያንን የጤና መድን ሊቀይሩት ነው እያለች ነው። በ2021 ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት ገዢ አንድሩ ኮሞ በብዙ ሴቶች የወሲብ ትንኮሳ ክስ ተነስቶበት፣ እሱ ቢክድም፣ ለቀቀ። ምክትሉ ማን ነበረች? ሆኩል። ኮሞ በ2025 የኒው ዮርክ ከንቲባ እሆናለሁ ብሎ ተመልሶ መጣ፣ በፓርቲው የውስጥ ምርጫም በዋናውም ለዞህራን ማምዳኒ ተሸነፈ።

የምርጫ ዘመቻ የምትሠሩ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተፎካካሪያችሁ ለቀቀ ሲባል አታጨብጭቡ። የሱን መራጭ ሂዱና «ምን እያሰብክ ነው?» በሉት። ስለ ቅሌቱ ላያወራችሁ ይችላል።

እንግዲህ ውርርዴን ልናዘዝ። ጁን 2023 የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማውን አሳስቷል የሚል ሪፖርት ሊወጣበት ሲል በለንደን ዳር ያለውን የአክስብሪጅ ወንበሩን ለቀቀ። ብልጫው 7 ሺህ ብቻ ነበር። ሌበር በአገሪቱ መጠይቅ በሩቅ ይመራል። አለቀ አልኩ፣ ተወራረድኩ። ጓደኛዬ ግን እዚያ የሚኖሩ ዘመዶች አሉት። «ሰዎቹ ስለ ጆንሰን አይደለም የሚያወሩት፣ ስለ መኪናቸው ነው» አለኝ። የሌበሩ የለንደን ከንቲባ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሁሉ በቀን 12.50 ፓውንድ እንዲከፍል የሚያደርገውን ደንብ ወደዚያ ሊያሰፋ ነበር። ሳቅሁበት። ጁላይ 20 ማታ ቆጠራው ሲጀመር፣ በዚያው ቀን ሴልቢ በሚባል ሌላ ክልል ሌበር የ20 ሺህ ብልጫ ሊገለብጥ ነው ሲባል ሰማሁና በደስታ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ነበር። ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው፣ ኮንሰርቫቲቮች አክስብሪጅን ያቆዩበት የድምፅ ብልጫ ብቻ፦ 495።