ጨረሩን ሳይሆን እንቁላሉን ፍሩ
(ጎንደር፣ ማራኪ፣ በሰፈር እድር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የእድራችን ዳኛ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የወሩ መዋጮ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ይህን ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በጥገና ሥራዬ ነው። ቴሌቪዥን፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ ታመጡልኛላችሁ። አሁን አሁን ደግሞ ማይክሮዌቭ በዝቷል። ዛሬ ስለ እሱ ልናገር የተነሳሁት በአንድ ነገር ምክንያት ነው።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አንዲት ጎረቤታችን የተረፈውን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተች። ማሽኑ ሲጀምር እንደ ልማዷ ከኩሽና ወጣች። ጨረሩን ትፈራለች። ሲጮህ ተመልሳ ሳህኑን አወጣች። እንቁላሉን በሹካ ነካ ስታደርገው ፈነዳ። ትኩሱ አስኳል ጉንጯ ላይ አረፈ። ዓይኗ ለትንሽ ተረፈ። ስሟን ሳልጠራ እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጨረሩን ሸሽታ ወጣች፤ የጎዳት ግን ራሷ የቀቀለችው እንቁላል ነው። በሥራዬም የማየው ይህንኑ ነው። የምንፈራው ሌላ፣ የሚያቃጥለን ሌላ።

እስቲ ከጨረሩ እንጀምር። በፈረንጆቹ 1945 በአሜሪካ ሬይቲዮን የሚባል ኩባንያ ውስጥ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል መሐንዲስ የራዳር መሣሪያ ላይ ይሠራ ነበር። ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ሲቀልጥ አስተዋለ። ከዚያ ማሰላሰል ጀመረ። በፈረንጆቹ 1947 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ቁመቱ የሰው ያህል ነበር፤ ክብደቱም ከ300 ኪሎ በላይ። ዛሬ እኛ ጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጠው የዚያ ልጅ ነው።

ውስጡ ያለው ማግኔትሮን የሚባለው ዕቃ ሞገድ ያመነጫል። ይህ ሞገድ የሬዲዮና የዋይፋይ ዘመድ ነው። በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃም አብሮ ለመዞር ሲታገል ይሞቃል። በቃ ሥራው ይኸው ነው። ጉልበቱ ከምናየው ብርሃን ጉልበት እንኳ ያነሰ ስለሆነ እንደ ራጅ ጨረር የሰውነትን ሴል ውስጡን አይሰብርም። ምግቡንም አይመርዝም። በሩን ስትከፍቱ ሞገዱ ወዲያው ይቋረጣል። አምፖል ስታጠፉ ብርሃኑ ቤት ውስጥ ይቀራል እንዴ? ይህም እንደዚያው ነው።

በሩ መስታወት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አይታችኋል? ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ቀዳዳ ማለፍ አይችልም። የብርሃን ሞገድ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ ለዚህ ነው ወጡ ሲዞር የምናየው። ስለዚህ በሩ ደህና ከሆነ አጠገቡ ቆማችሁ ሽንኩርት መክተፍ ትችላላችሁ። በሩ ከተጣመመ፣ ማጠፊያው ከላላ፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ግን ማሽኑን አታብሩት። ፍርሃት ካለ እዚህ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንመለስ። እንቁላል በልጣጩም ቢሆን፣ ተልጦም ቢሆን እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጡ ይታመቃል። ዝም ብሎ ይቀመጥና ስትነኩት ይፈነዳል። ዶሮ ወጥ ስታሞቁ እንቁላሉን አውጡ። ወጡን ከድናችሁ በግማሽ ኃይል አሙቁ። እንቁላሉን ለሁለት ሰንጥቃችሁ መጨረሻ ላይ ትኩሱ ወጥ ውስጥ ክተቱት፤ እዚያው ይሞቃል። ድንችም ከነልጣጩ የምታበስሉ ከሆነ በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉት። ሽሮና ክክ ወጥም ወፍራም ስለሆኑ ቡልቅ ይላሉ፤ ክዳን አይለያቸው።

ውሃም ያታልላል። በንጹሕ ብርጭቆ ብቻውን የሞቀ ውሃ ከመፍያው በላይ ሞቆም አረፋ ሳያሳይ ጸጥ ሊል ይችላል። ቡና ወይም ስኳር ስትጨምሩበት ድንገት ይገነፍላል። እኔ ራሴ እጄን ተቃጥዬበታለሁ። ጠባሳው ይኸው አለ። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ማንኪያ ውስጡ ሳላደርግ ውሃ አላሞቅም። ካወጣሁም በኋላ ትንሽ አቆየዋለሁ።

አራስ ላለባችሁ ይህን አደራ እላለሁ። ሞገዱ ምግቡ ውስጥ የሚገባው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አጥሚት ዳር ዳሩ ሲፈላ መሃሉ ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጉርሻ ቀዝቃዛ፣ ቀጣዩ ምላስ የሚልጥ ይሆናል። አቁማችሁ አማስሉ፣ እንደገና አሙቁ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። የሕፃን ጡጦ ግን ጭራሽ አታስገቡ። ጡጦው በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ወተት የሕፃኑን ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። ጡጦን ሙቅ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙት። ትንሽ ይቆያል እንጂ ይሞቃል።

ትራፊ ምግብ ስናሞቅ ደግሞ «እሳት የነካው ምን ይሆናል» እንላለን። አንዳንድ ተሕዋስያን በምግቡ ላይ የሚተዉት መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ሩዝና ሥጋ ላይ በተለይ። ስለዚህ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን ካልከፈታችሁት ውስጡ ያለው አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ሲሞቅም እስከ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ መሃሉ እንፋሎት እስኪያወጣ ጠብቁ። የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ፤ ደጋግሞ ማሞቅ ጥሩ አይደለም።

እንጀራስ የምትሉ አላችሁ። ደረቅ አድርጋችሁ ካስገባችሁት ቆዳ ይሆናል። ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሳችሁ ጨምቁ። እንጀራውን ጠቅልሉበት። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። ሳህን ላይ ምግብ ስትደረድሩ ደግሞ ዳር ዳሩን ክበብ አድርጋችሁ መሃሉን ባዶ ተዉት። እኩል ይሞቃል። የታሸገ ነገር ላይ «በ1,000 ዋት ሦስት ደቂቃ» የሚል ካለና የእናንተ ማሽን 700 ዋት ከሆነ አራት ደቂቃ ከሩብ ገደማ ይፈልጋል።

ስለ ዕቃ ደግሞ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ለእንግዳ የምናወጣቸው ወርቃማ መስመር ያለባቸው ሲኒዎች አሉ። ያ መስመር ብረት ነው፤ እሳት ይረጫል። አበባ የተሳለበት የቆርቆሮ ሳህንም ሸክላ ይመስላል እንጂ ውስጡ ብረት ነው። ማግኔት አስጠጉበት፣ ከያዘው አይሆንም። ጀበናና የሸክላ ድስትም ተዉአቸው፤ ውሃ ስለሚመጥጡ ራሳቸው ይግሉና ይሰነጠቃሉ።

የፌስታሉ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ትኩስ ወጥ በፌስታል ቋጥሮ ማሞቅ ይቅር። የእርጎና የአይስክሬም ዕቃም እንደዚሁ፤ ለቀዝቃዛ የተሠሩ ናቸው። የእኛ ወጥ ዘይትና ቅቤው ብዙ ነው። ዘይት ከውሃ በላይ ይግላል፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የልጆች ምሳ ዕቃ ውስጡ ቀይ ሆኖ ተጎድጉዶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በበርበሬው ብቻ አይደለም፤ የተጎደጎደው ፕላስቲኩ ቀልጦ ነው። የብርጭቆ ወይም የፖርሴሊን ሳህን ተጠቀሙ። ከተጠራጠራችሁ ባዶውን ሳህን አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገቡ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ አሙቁ። ወርቃማ መስመር ያለበትንና ብረቱን ግን በዚህ አትሞክሩ። ውሃው ሞቆ ሳህኑ ከቀዘቀዘ ይሆናል። ሳህኑ ከጋለ ወደ መደርደሪያው መልሱት። ማሽኑን ባዶውን ግን በጭራሽ አታስነሱት።

አሁን ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ልግባ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከልን ማይክሮዌቭ 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። እንደመጣ ሶኬት ላይ የሰኩት ብዙ ሰዎች ጭሱን ብቻ አይተዋል። ትራንስፎርመር ገዝተን ብናስቀንስስ? እሱም አይጠቅምም። የአሜሪካው በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ መብራት የለመደ ነው፤ የእኛ 50 ነው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ይግላል። ሰዓቱም በየሰዓቱ አስር ደቂቃ ሊቀር ይችላል። ዘመዶቻችሁን ገንዘቡን ላኩልን በሏቸው፤ እዚሁ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የሚለውን እንግዛ። ከዓረብ አገር የሚመጣም ሲሆን ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

1,200 ዋት የሚስብ ማይክሮዌቭ 5.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ሁለቱን በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ መሰካት ገመዱን ያቀልጠዋል። ማይክሮዌቩን ለብቻው ኤርዝ ያለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ስኩት። መብራት ሲጠፋ ነቅላችሁ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መብራቱ ሲመጣ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ነው።

ዳንቴሉን ነገር ደግሞ እናቶቼ አትቀየሙኝ። ቤት ስታሳምሩ ማይክሮዌቩ ላይ ዳንቴል ታለብሳላችሁ። ያምራል፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ሲጠፋ አልብሱት፣ ሲሠራ አንሱለት። ከጀርባውም ከግድግዳው ራቅ ይበል።

ውስጡ ብልጭ ብልጭ ካለ ብዙ ጊዜ በጎን ያለችው ሚካ የምትባል ስስ ሽፋን ዘይት ጠጥታ ነው። ከመቃጠሏ በፊት አጽዱት። በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቁ። ሦስት ደቂቃ አሙቁ። አምስት ደቂቃ በሩን ሳትከፍቱ ተዉት። ከዚያ ጨርቅ ብቻ ይበቃል። እሳት ከተነሳ ደግሞ በሩን አትክፈቱ። አጥፉት፣ ንቀሉት፣ አየር ሲያጣ ይጠፋል።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልበል። ሽፋኑን ፈትታችሁ አትንኩት። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከሺህ ቮልት በላይ ያለበት ነው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ሰው ይገድላል። ቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ስጠግን በጣም የምጠነቀቀው ማይክሮዌቭን ነው። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ኃይል ማውጣት ነው።

ሳህን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች ቡናው እስኪቆላ ወደ እኔ ኑ። ማግኔቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አመሰግናለሁ።